በሌሊት ድንጋይ ማንሳት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ)



የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ፎቶ ምን አገባት እንዳትሉኝ። ለብድር ሣጥናችን ገቢ እንዲሆን የቀን መቁጠሪያ በትክል ድንጋዮቻችን ፎቶ እናሳትም ብላችሁ ሥራውን የሰጣችሁኝ እናንተው ናችሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የቀን ፎቶው በየሰው ስልክ አለ። የእኛ ካልተለየ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ማታ ላንሳ አልኩ። እናቴ “በሌሊት ድንጋይ ልታነሺ?” ብላ ስቃብኛለች።

መጀመሪያ ቱቱ ፈላ ሄጄ በፍላሽ አነሳሁ። ድንጋዩ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጣ፤ ቅርጹ ጠፋ። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታ ጥላ አይኖርም፤ ጥላ ከሌለ ጭረቱ አይለይም። የትራንስፖርቱ ወጪ በእኔ ጥፋት ባከነ፤ በሒሳቡም እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

በሁለተኛው ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አሰርኩ። በባትሪ እያበራሁ ድንጋዩን አጠራሁና ካሜራው በራሱ እንዳይቀይረው አውቶማቲኩን አጠፋሁ። አይኤስኦ 200፣ መዝጊያው 30 ሰከንድ ክፍት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የገባውን ብርሃን ሁሉ ካሜራው ይደምራል፣ ልክ እንደ ወር ቁጠባችን። እኔ እንዳልታይ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ከጎን ቆምኩና ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች በባትሪ ቀባሁት። እጅ መቆም የለበትም፤ ከቆመ እዚያው ይነጣል። ባትሪው ወደ ካሜራው ከዞረ ደግሞ ጨለማው ላይ የብርሃን መስመር ይጽፋል። ሰባት ጊዜ አበላሽቻለሁ።

በስምንተኛው ዓይንና አፍንጫ ብቅ አለ! ቀን ብዙ ጊዜ አልፌው የማላየው ፊት ነው። እዚያ የቆፈረው ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም፣ አንዳንዶቹ ድንጋዮች መጀመሪያ በወንድ ብልት ቅርጽ ተሠርተው በኋላ የሰው ፊት እንደተቀረጸባቸው ገልጿል። (እናቶች፣ አትሳቁ።)

ዡሶም ከድንጋዮቹ ሥር መቃብርም አግኝቷል። ይህን እያወቅሁ በመጀመሪያው ቀን ማንንም ሳልጠይቅ ገብቼ ነበር፤ አፍሬበታለሁ። ሁለተኛው ላይ ሽማግሌዎችን አስፈቀድኩ። “ብርሃን ይሁን፤ እሳት አታንድጂ፣ ድንጋዩንም አትደገፊ” አሉኝ።

እስካሁን ለኅትመት የሚበቃው አምስት ፎቶ ነው፤ ሰባት ይቀረናል። ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት እመለሳለሁ። ብቻዬን መሄዱን ግን አልወደድኩትም፤ ባትሪ የምትይዝልኝ ሁለት ሴት እፈልጋለሁ። ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ አስመዝግቡኝ።