ምርመራው ደኅና ነው፤ ሕመሙ ግን አለ



ንግግሬን በጤና ተቋሞቻችን ዘወትር ከሚሰማ አንድ ዐረፍተ ነገር ልጀምር፦ «ምንም የለብዎትም»። እስቲ አንዲት እናትን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ጤና ጣቢያ ሲመጡ ግን ስለ ልጃቸው አያነሡም። «ራሴን ይፈልጠኛል፤ ልቤ ይመታል፤ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ይላሉ። ደማቸውና ሰገራቸው ይመረመራል፤ ውጤቱ ደኅና ነው። «ምንም የለብዎትም» ተብለው ይሸኛሉ። ሕመሙ ግን አብሯቸው ወደ ቤት ይመለሳል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪ ይከተላል።

የዛሬው መልእክቴ አጭር ነው፦ ከሐዘንና ከጭንቀት የሚመነጭ የአካል ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው። የምርመራ ውጤት ደኅና መሆን የጥያቄያችን መጨረሻ ሊሆን አይገባም።

ቋንቋችን ይህን ከእኛ ከባለሙያዎቹ ቀድሞ ያውቃል። ሲከፋን «ሆዴ ባሰው»፣ ስንራራ «አንጀቴን በላው»፣ ስናዝን «ልቤ ተሰበረ» እንላለን። ሆድ ምሥጢር የሚቀመጥበት፣ ቂምም የሚቋጠርበት ነው። ሆዱን ይዞ የመጣ ሰው ሐዘኑን የሚያውቀውን መንገድ ተከትሎ እየነገረን ሊሆን ይችላል። ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአገራችንም በጥናት ላይ የዋለው ባለ 20 ጥያቄ የአእምሮ ጤና መጠይቅ የሚጀምረው ስለ ራስ ምታት በመጠየቅ ነው። ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ሆድ ምቾትና ስለ ድካምም ይጠይቃል።

ይህ እንዴት ይሆናል? አደጋ ሲያጋጥመን ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ከጅብ ለማምለጥ ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ጅቡ ሲርቅም ሰውነት ይረጋጋል። የጠፋ ልጅ ሐሳብ፣ የዕዳ ጭንቀት፣ የጦርነት ትዝታ ግን በቀላሉ አይርቅም። ለወራት የተወጠረ የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ራስ ምታት ያመጣል። ጨጓራና አንጀት ከአንጎል ጋር በነርቭ የተሳሰሩ ስለሆኑ እንቅስቃሴያቸው ይዛባል። በጭንቀት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣቶቹና ከንፈሩ ይደነዝዛሉ፤ ራሱንም ያዞረዋል። ይህን ሁሉ የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ አያሳየንም።

ነገር ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ጭንቀት ነው» ብሎ መቸኮልም «ምንም የለብዎትም» ከማለት ያላነሰ ስሕተት ነው። የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን መብዛት ልብን ያስመታሉ። የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን የተስፋፋ ነው። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ በድካም ጊዜ የሚመጣ የደረት ሕመም አስቸኳይ ምርመራ ይሻሉ። ከዚህም በላይ አንድ ሰው ቁስለትም ሐዘንም በአንድነት ሊኖረው ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ለዚህ ዐይነቱ ሕመም ስም ለመስጠት «የሕክምና ማብራሪያ ሊገኝለት ያልቻለ መሆን አለበት» የሚለውን መስፈርት ያስቀረው ለዚህም ጭምር ነው። «አካል ነው ወይስ አእምሮ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው።

ውድ ተማሪዎቼ፤ ነገ እኚያ እናት ከፊታችሁ ሲቀመጡ በሚገባ መርምሯቸው። ውጤቱ ደኅና ከሆነ «እናቴ፣ ሕመምዎ እውነት ነው። አደገኛ በሽታ አላገኘንም። ሐሳብ ሲበዛ ሰውነትም ይታመማል» በሏቸው፤ እንዴት እንደሚሆንም አስረዷቸው። ከዚያም «ሕመሙ ሲጀምር በቤት ውስጥ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ አድምጡ። ስለ እንቅልፋቸው፣ ተስፋ ስለ መቁረጥ፣ ሞትን ስለ መመኘትም መጠየቅን አትፍሩ፤ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይዘራም። ጸበል ወይም ዱዓ የሚያጽናናቸው ከሆነ አትንቀፉ፤ ሕክምናቸውንም እንዳያቋርጡ ምከሩ። የመመለሻ ቀንም ስጧቸው። ቀጠሮ የተሰጠው ሰው እንዳልተጣለ ያውቃል።

የልጃቸውን ድምፅ ልንመልስላቸው አንችል ይሆናል። ሕመማቸውን ግን ማመን እንችላለን፤ ሕክምናውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።