ሒሳብ ዘግቶ መሰነባበት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ ወረኢሉ፣ በማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ጠዋት ስላቀረብኩ፣ አሁን ደግሞ ስለ ቁጥር ላወራ ነው ብላችሁ አትስጉ። የቆምኩት ሰብሳቢያችን «ጃፓን ተምራ ስለመጣችው ጓደኛሽ አጫውቺን» ስላሉኝ ነው። እሷ ራሷ ብትናገር ይሻል ነበር፤ ሥራዋ አዲስ አበባ ስለሆነ አልተመቻትም። ስሟን እንዳልጠራ ተስማምተን ፈቅዳልኛለች። የምነግራችሁ ግን ስለ ትምህርቷ አይደለም። ትምህርቷን ስትጨርስ ከጓደኞቿ ጋር እንዴት እንደተሰነባበተች ነው።

ወረኢሉ መለያየትን የምታውቅ ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋን ክተት ሲያውጁ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እዚህ እንዲጠብቃቸው ነበር ያዘዙት። ስንት እናትና ልጅ እዚህ ሜዳ ላይ ተሰነባብቶ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። እኔና ጓደኛዬም ከዚሁ መናኸሪያ ተሳፍረን ነው ደሴ የወረድነው። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት የሚላክልንን በሶና የገብስ ቆሎ እየተካፈልን፣ የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማችንን አብረን ያዝን። ከዚያ እኔ ተመለስኩ፤ እሷ ዲግሪዋን ቀጠለች፤ መሥሪያ ቤት ገባች፤ በመጨረሻም ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ በሚባለው የትምህርት ዕድል ጃፓን ሄደች። ይህ ዕድል በ2005 ዓ.ም. ዮኮሃማ ላይ በተደረገው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ይፋ ያደረጉት ነው። በአምስት ዓመት 1,000 የአፍሪካ ወጣቶች በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ እንዲማሩና በኩባንያዎች ሥራ እንዲለማመዱ የታቀደ ነበር። በነገራችን ላይ ጃፓን ለእኛ ዛሬ የተገኘች ሀገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ሄደው አይተው፣ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈውላታል።

ጓደኛዬ የኖረችው ኮቤ በተባለች የወደብ ከተማ ነው። እዚያ ምን ሠራች መሰላችሁ? ዕቁብ ጣለች! አምስት ነበሩ፤ እሷና ሌላ አንድ ኢትዮጵያዊት፣ ሁለት ኬንያውያን፣ አንዲት የሞዛምቢክ ልጅ። ስለ ዕቁብ ማስረዳት ስትጀምር ኬንያውያኑ «ይኼማ የእኛ ቻማ ነው» አሏት። የሞዛምቢኳ ደግሞ «እኛ ሺቲኬ እንለዋለን» አለች። ጃፓንኛ በነጻ የሚያስተምሯቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩና፣ ነገሩን ሲሰሙ ስቀው፣ እነሱም ዘንድ ታኖሞሺ የሚባል ከጥንት ጀምሮ የነበረ እንዲህ ያለ መረዳጃ እንዳለ ነገሯቸው። እኔ ይህን ስሰማ ደስታዬ ልዩ ነበር። ዕቁብን የኋላ ቀር ሰው ነገር አድርጎ የሚቆጥር ሰው አሁንም አልጠፋምና።

ነገሩ የከበደው መለያያው ሲደርስ ነው። ዕቁብ የበላ ሰው ዙሩ ሳያልቅ አውሮፕላን ቢሳፈር ምን ይሆናል? ማን ያሳድደዋል? ስለዚህ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ቁጭ ብለው የእያንዳንዳቸውን የመሄጃ ቀን ጻፉ። ዙሩ የመጀመሪያዋ ተጓዥ ከመሄዷ በፊት እንዲያልቅ የወሩን ክፍያ በሁለት ሳምንት አደረጉት። ቀድማ የምትሄደውም ቀድማ እንዳትበላ ተስማሙ። በወር አስር ሺህ የን የነበረው በሁለት ሳምንት ሲሆን ለተማሪ ቀላል አይደለም፤ ምሳ የቀነሱ ነበሩ። የመጨረሻው ዕጣ የወጣ ማታ ግን አምስቱም አንዳቸው ለሌላቸው አንድ የን የማይከፍሉ ሆነው እራት በሉ። «እንደዚያ ማታ ቀሎኝ አያውቅም፤ ያለቀስኩትም ለጓደኞቼ ብቻ ነው፣ ሌላ የሚያስለቅሰኝ ነገር አልነበረም» ብላኛለች።

ሀገሩ ራሱ ዝም ብለሽ ሂጂ አይልም። ለከተማው ጽሕፈት ቤት እለቃለሁ ብሎ ማስመዝገብ አለ። የጤና መድኅን ካርድም ያኔ ይመለስ ነበር። የውኃ፣ የመብራትና የጋዝ ሒሳብ ይዘጋል። አሮጌ ፍራሽና ቁም ሣጥን እንኳ ደጅ አይጣልም፤ የማስወገጃውን ክፍያ ከፍለሽ፣ ተለጣፊ ወረቀት ገዝተሽ ለጥፈሽበት፣ በተቀጠረልሽ ቀን ታወጪዋለሽ። ብስክሌቷን ለሞዛምቢኳ ጓደኛዋ ስትሰጥ ምዝገባውን በስሟ ማዛወር ነበረባት፤ አለዚያ ፖሊስ ልጅቱን አስቁሞ ከየት አመጣሽው ሊላት ይችላል። የመኖሪያ ካርዷን ደግሞ አየር ማረፊያ ላይ መለሰች። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ቀናሁ እንጂ አልሰለቸኝም፤ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ የሠራው ሀገር ነው የሚመስለው።

ከዚያ የሰዉ ተራ ይመጣል። ለሚሄድ ሰው በፖስታ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ የሰጪው ስምና የገንዘቡ ልክ ይጻፍበታል። እኛ በሠርግና በለቅሶ ማን ምን እንደረዳን እንደምንመዘግበው ማለት ነው። ሌላው ሺኪሺ የሚሉት ነው፤ አራት ማዕዘን ወፍራም ካርቶን ነው። የሚሄደው ሰው ስም መሐሉ ላይ ይጻፍና ጓደኞቹ ሁሉ ዙሪያውን የየራሳቸውን ቃል ያሰፍሩበታል። እሷ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊ፣ በፖርቱጋልኛ ነው። አማርኛም አለበት።

አሮጊቷ ጣቢያ ድረስ ሸኟት። ሳዮናራ አላሉም። ጃፓኖች ከቤት ሲወጡ «ኢቴኪማስ» ይላሉ፤ ሄጄ እመጣለሁ ማለት ነው። የሚቀረው ሰው «ኢቴራሻይ» ይላል፤ ሂጂና ነዪ። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን አለች፣ አሮጊቷ ሁለተኛውን መለሱ። እንደ ልጃቸው ቆጠሯት ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። እኔ የምይዘው መዝገብ ላይ «የለችም» ተብሎ የተሞላ መስመር አለ። ደጋፊዎቻችን ሲጎበኙን «ይቺ አባል ምን ሆነች?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱን እዚህ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። ወደ ዐረብ ሀገር ሄዳለች። መቼ? በሌሊት። ለማን ነገረች? ለማንም። አንዲት አባላችን እንዲሁ ሄዳ፣ ዋስ የሆነቻት ጓደኛዋ ብድሯን ሦስት ወር ከፈለችላት። በኋላ ልጅቱ ከቤይሩት ገንዘቡን ሳታጎድል ላከች። «ደላላው ለሰው ብትናገሪ ጉዞሽ ይበላሻል ብሎኝ ነው» አለች። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እናቷም እነዚያን ሦስት ወራት ልጄ የት ወደቀች ሲሉ ከረሙ።

አንዳንድ እናቶች «ለሰው ከነገሩት ምቀኛ ያሰናክለዋል» ይላሉ። አልነቅፋቸውም፣ እኔም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ነገር ግን በሚስጥር ሂጂ የሚለው ደላላ የሚፈራው ምቀኛ አይደለም፤ ሂሳቡን የሚጠይቀውን ሰው ነው። ማን እንደወሰዳት፣ በየትኛው ኤጀንሲ እንደሄደች፣ አሠሪዋ የት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው እዚህ ካለ፣ ደመወዟ ሲቀር ወይም ስልኳ ሲዘጋ የሚጮህላት አለ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ አይተናል። ብዙዎቹ እዚያ ያፈሯቸውን ጓደኞቻቸውን ሳይሰናበቱ፣ ያልተከፈላቸውን ሳይቀበሉ ነው የመጡት። ሲሄዱም ሳይሰናበቱ፣ ሲመጡም ሳይሰናበቱ።

ስለዚህ በየቡድኑ መዝገብ መጨረሻ አንድ የስንብት ገጽ እንዲኖር ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ለቅጣት አይደለም፤ መሄድ የሚከለከልበት ገጽም አይደለም። የምትሄደዋ ብድር ካለባት ከዋሷ ጋር ተቀምጣ እንዴት እንደሚከፈል ትጽፋለች። ቁጠባዋን ማን እንደሚረከብላት ትሰይማለች። የምትሄድበትን አድራሻና የኤጀንሲውን ስም ትተውልናለች። ከዚያ ቡና ይፈላል፤ በረካው ሲደርስ እንደ ወጋችን፣ በየሃይማኖታችን እንመርቃታለን። ረቂቁ ጸሐፊያችን ዘንድ ስላለ ከምሳ በኋላ እንወያይበት።

እስከዚያው አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከሦስተኛው ቡድን አንዲት እህታችን በሚቀጥለው ሳምንት በሕጋዊ መንገድ ጂዳ ትሄዳለች። ለሁላችንም ነግራናለች፤ ብድሯንም ማክሰኞ ዕለት ዘግታለች። ጓደኛዬ ከጃፓን ካመጣቻቸው ካርቶኖች አንዱን ሰጥታኝ ነበርና፣ የእህታችንን ስም መሐሉ ላይ ጽፌ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስትወጡ የልባችሁን ጻፉላት። መጻፍ የማትችሉ እናቶች እኔ ዘንድ ኑ፤ እናንተ እየነገራችሁኝ እጽፋለሁ፣ እናንተ አሻራችሁን ታደርጉበታላችሁ። ቀለሙን ከቢሮ አምጥቻለሁ።