ጣሪያው የሚጠብቀው ማንን ነው?



በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድዮችን ፎቶግራፍ ለማንሣት በመኪና ስዞር፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ከተሠራው የባርተንስቪል ድልድይ ደረስሁ። ጣሪያው መንገደኛን ከዝናብ ለመከለል የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የሚጠብቀው ሸክሙን የሚችሉትን ጥልፍልፍ ሳንቃዎች ነው። ያልተሸፈነ እንጨት እርጥበት ገብቶት ቶሎ ይበሰብሳል፤ የተሸፈነው ግን መቶ ዓመት ይሻገራል። እኔ ያነሣሁት ከሩቅ የሚያምረውን ገጽታ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 አይሪን የተባለው ማዕበል ያስከተለው ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። በዚያው ጥልፍልፍ አሠራር እንደገና ታንጾ በ2013 ተከፈተ። ለዚያ ሥራ የእኔ ፎቶግራፎች አንዳች ባልጠቀሙ ነበር፤ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ አንድም አላነሣሁምና። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ለመስክ ጥናት ስትወጡ ከውበቱ አስቀድማችሁ መጋጠሚያውን አንሡ።