በጉማራ ሙላት ላይ ያደረግነው የታንኳ ጉዞ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታንኳ ክበብ አባላት ስም በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነበበ ንግግር



በዚህ በደስታችን ቀን ክበባችን ባለፈው ክረምት ስላደረገው ጉዞ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የምንናገረው ጀግንነታችንን ለማስታወቅ አይደለም፤ እንዲያውም ከምንናገረው ውስጥ የሚያሳፍረን አለ። ነገር ግን ከእኛ በኋላ ክበቡን የሚረከቡት ልጆች ይማሩበት ዘንድ ደብቀን ማለፉን አልወደድንም።

እንደምታውቁት የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል። እንዲህ ያለው ታንኳ ውሃ ቢገባበት እንኳ በቀላሉ አይሰጥምም፤ ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጉዞ በኋላ ቆሞ ፀሐይ ካልመታውም ቶሎ ይበሰብሳል። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዳር ስንለማመድ ቆየን። ማለዳ ውሃው ጸጥ ባለበት ሰዓት እየወጣን፥ ነፋስ ሳይነሣ እንመለስ ስለ ነበር አንድ ቀንም ክፉ ነገር አልገጠመንም። ከዚህ የተነሣ ራሳችንን እንደ ዐዋቂ መቍጠር ጀመርን፤ በነሐሴ ወርም የጉማራን ወንዝ ከድልድዩ እስከ ጣና ድረስ በታንኳ እንውረድ ብለን ተስማማን።

ጉማራ የሚነሣው ከጉና ተራራ ነው። የጉና ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ጣና ግን ያለው በ1,800 ሜትር ግድም ነው። ወንዙ ከደጋው የጠረገውን አፈር ተሸክሞ በኀይል ይወርድና የፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ ሲዘገይም ሸክሙን ይጥላል። ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ ያደርገዋል፤ በክረምት ደግሞ ሐይቁ ራሱ እየሞላ መውጫውን ያጠብበታል። መሄጃ ያጣው ውሃም ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሰዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ታላቅ ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ይህን ሁሉ በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረነው ነበር፤ ሆኖም በደብተር የጻፍነው ነገር በዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚኖርበት መሆኑን ልብ አላልንም።

ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ስድስት ታንኳ በጭነት መኪና ጭነን ከድልድዩ ደረስን። መሪያችን አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ከመነሣታችን በፊት «ልጆቼ፥ ተከታትላችሁ ኑ፤ ማንም ከፊቴ አይቅደም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉን። «እሺ አባባ» አልን።

የመጀመሪያው ሰዓት እጅግ ደስ የሚል ነበር። ውሃው ቡና መስሎ እየተገላበጠ ይወርዳል፤ ያለ ቀዘፋ እንከንፋለን። ጥቂት ቆይቶ ግን ዳርቻው ጠፋ። ወንዙ የትኛው፥ ማሳው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አቃተን። ሽማግሌው አረፋው የሚሮጥበትን እየተመለከቱ ይመሩን ነበር። በዚህ ጊዜ ከእኛ መካከል ሁለት ታንኳዎች «ቀድመን ሐይቁን እንይ» ብለው እየተሽቀዳደሙ አለፏቸው። ከመታጠፊያው ሳይደርሱ አንደኛው ውሃ ከዋጠው የዛፍ ግንድ ጋር ተጋጭቶ ተገለበጠ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ከውሃው ገቡ። አንዱ ቅርንጫፍ ያዘ፤ ሁለተኛው ሲጠልቅና ሲወጣ አየነው። ሽማግሌው የቀርከሃ መቅዘፊያቸውን ዘርግተው ባይደርሱለት ኖሮ ዛሬ እዚህ አብሮን አይቀመጥም ነበር።

ድንጋጤ ይዞን ወደ ቀኝ ቀዘፍን፤ ከፍ ያለ አፈር ስናይም ታንኳዎቻችንን ሁሉ ጎትተን በላዩ አሳለፍን። ያ አፈር ግን አንድ ቤተ ሰብ ጎርፉን ለመከልከል በግቢው ዙሪያ ያቆመው ክትር ነበር። ስድስት እርጥብ ታንኳ ሲጎተትበት ተናደ፤ ውሃውም በተናደው በኩል ወደ ጎተራው መግባት ጀመረ። ባለቤቶቹ አካፋና ዶማ ይዘው እየሮጡ መጡ። አንዲት አሮጊት እናት ቆመው አዩንና «ልጆቼ፥ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። «ለጨዋታ» የሚለው ቃል ከአፋችን አልወጣም።

ሁላችንም አፈር ተሸከምን፤ ነገር ግን የምንጥለውን ውሃው እየጠረገ ወሰደው። በዚያን ጊዜ ሽማግሌው አንዳችም ሳይናገሩ ቢላዋቸውን መዘዙ፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ታንኳ እስሩን በጠሱና ደንገሉን በነዶው ከተናደው ላይ አጋደሙት። በእንጨት ቸክለን አፈር ስንጭንበት ውሃው ቆመ። ያን ታንኳ በገዛ እጃቸው የሠሩት እርሳቸው ነበሩ፤ እኛ ግን ለማሰር እንኳ አላገዝናቸውም ነበር። እስኪመሽ ድረስ ክትሩን ስንጠግን ዋልን። እኒያ እናት ቤታቸው በውሃ ተከብቦ ሳለ እንጀራ አቀረቡልን፤ አንገታችንን ደፍተን በላን። በማግስቱ ታንኳዎቻችንን ተሸክመን በመጣንበት ተመለስን። ሐይቁን አላየነውም።

ክቡራን እንግዶች፤ እኛ ወንዙ እስኪሞላ ቀን ስንቈጥር፥ በሜዳው ያሉት ሰዎች እንዳይሞላ ሲጸልዩ ነበር። ስለዚህ ክበባችን በአንድ ድምፅ የወሰነው ይህ ነው። በሞላ ወንዝ ላይ ለጨዋታ አንወጣም፤ ዋና ያልተማረ ከታንኳ አይገባም፤ መሪውን የቀደመ ደግሞ ከክበቡ ይሰናበታል። በየክረምቱም ጎርፍ ሳይመጣ በፊት ከትምህርት ቤታችን ወጥተን፥ ያን ክትርና የጎረቤቶቹን ክትር ከባለቤቶቹ ጋር እንሠራለን።

ዛሬ ከአዳራሹ ደጅ ለእይታ ያቆምናቸው ታንኳዎች አምስት ናቸው። ስድስተኛው የት ሄደ ብላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ መልሳችን ይህ ነበር፤ በፎገራ ሜዳ በአንድ ቤት አጥር ሥር ውሃ ይከለክላል።