የመርከብ ጉዞ ትምህርት መጻሕፍት አመራረጥ



የጀልባና የመርከብ ጉዞን ለማስተማር የሚያስብ መምህር መጀመሪያ የሚታየው ችግር የመጻሕፍት ማነስ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ለሌላ ውሃ ወይም ለሌላ ዘመን የተጻፈውን መጽሐፍ ለተማሪዎቹ መስጠቱ ነው።

ወደ ወደብ የሚገባበትን ጥልቅ መንገድ የሚያመለክቱት ተንሳፋፊ ምልክቶች ቀይና አረንጓዴ ናቸው። በአሜሪካ የታተሙ የጀልባ መጻሕፍት፥ ከባሕር ወደ ወደብ የሚገባ ሰው ቀዩን ምልክት በስተቀኙ እንዲያደርገው ያስተምራሉ። ይህም ለአሜሪካ፥ ለጃፓን፥ ለደቡብ ኮሪያና ለፊሊፒንስ እውነት ነው። በጂቡቲ፥ በበርበራ፥ በሞምባሳና በዳሬሰላም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀዩ በግራ ይሆናል። የአሜሪካውን መጽሐፍ በልቡ ያጠና ወጣት ሞምባሳ ሲደርስ መርከቡን ከጥልቁ መንገድ አውጥቶ በድንጋይ ላይ ይነዳታል። ዓለም በእነዚህ ሁለት ክፍሎች የተስማማው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት በታተመ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥርዓት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ሹም ከሽፋኑ ውበት አስቀድሞ የታተመበትን አገርና ዓመት ይመልከት። በስጦታ የመጣም መጽሐፍ ከዚህ ምርመራ አያመልጥም፤ እንዲያውም ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለራሱ የማይፈልገውን ነውና ይበልጥ ያሠጋል።

ናትናኤል ባውዲች የተባለው አሜሪካዊ፥ የዘመኑ መርከበኞች ይተማመኑበት የነበረውን የሙርን መጽሐፍ ቁጥር በቁጥር ቢመረምር እጅግ ብዙ ስሕተት አገኘበትና በ1802 የራሱን አሳተመ። መጽሐፉ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይወጣል፤ የአሜሪካ መንግሥትም በኮምፒዩተር ለሚያነብ ሁሉ ያለ ዋጋ ሰጥቶታል። ለጀማሪ ይከብዳል፤ ለመምህሩ ግን ጥሩ መመለሻ ነው፥ የአገሩን ምልክቶች ሥርዓት ለይቶ እስካነበበው ድረስ።

የፀሐይንና የከዋክብትን ሥፍራ የሚያሳየው አልማናክ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ሰዓቱም የግሪንዊች ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ ከጧቱ 3 ሰዓት የሚለው በግሪንዊች 6 ሰዓት ይባላል። ምድር በ4 ሴኮንድ የኬንትሮስን 1 ደቂቃ ያህል ስለምትዞር፥ በምድር ወገብ አጠገብ በሰዓቱ 1 ደቂቃ የተሳሳተ መርከበኛ ከእውነተኛ ሥፍራው 15 የባሕር ማይል፥ ማለት ወደ 28 ኪሎ ሜትር፥ ርቆ ይገኛል። እንግዲህ የሰዓቱን አለዋወጥ የሚያስረዳ አንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ በአልማናኩ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህን ገጽ ከማተሚያ ቤት መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የሚጽፈው መምህሩ ነው።

ለሐይቅ ጀልባ ደግሞ ኮከብ መለካት ብዙም አይረባም። በ1996 ቡኮባ የተባለችው መርከብ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በሙዋንዛ አጠገብ ስትገለበጥ ብዙ መቶ ሰዎች አለቁ፤ የተሳፈረባትም ሕዝብ ከልክ በላይ ነበር። በባሕር ዳር ወይም በአርባ ምንጭ ያለ ትምህርት ቤት ገንዘቡ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ቢበቃው፥ ስለ ጭነት ልክና ስለ ጀልባ ሚዛን የሚያስረዳውን ይግዛ። ከእርሱም ጎን አንድ ባዶ ደብተር ያኑር፤ ተማሪዎቹ የጣናን ባለታንኳዎች ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሣ፥ የደንገል ታንኳ ስንት ሰው እንደሚችል እየጠየቁ ይጻፉበት። በየገጹም ራስ ላይ የተጻፈበት ቀንና የዳርቻው ስም ይኑር።