ለሞት የምንደርሰውን ያህል ለልደትም እንድረስ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው በቡና ላይ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራውን ጉዳይ ነው፤ ትምህርቷን ሳትጨርስ ስላረገዘች ልጅና ቤተሰቧ ላይ ስለሚመጣው ወጪ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆኑ 100 ልጃገረዶች 13ቱ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። የእገሊት ልጅ ነገር ብለን የምናልፈው አይደለም።

ከራሴ ልጀምር። ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች አረገዘች። ይህን የምነግራችሁ እሷው «ንገሪያቸው» ስላለችኝ ነው። ጎረቤት እንዳያይብኝ ብዬ ከሠፈራችን ጤና ጣቢያ ይልቅ ከተማው ማዶ ወዳለ የግል ክሊኒክ አመላለስኳት። ለምርመራው፣ ለመኪናው፣ ለማዋለጃው አሥር ሺህ ብር በወለድ ተበደርኩ። ዕዳውን የጨረስኩት ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚሰጥ ያወቅሁትም ከዚያ ወዲያ ነው። ያ ሁሉ ብር የወጣው ለመደበቅ ነበር።

እናንተ ይህን እንዳትደግሙ፣ የሚንኳኩትን በሮች በተራ ልንገራችሁ።

አንደኛው ጤና ጣቢያ ነው። ልጅቷ ብታገባም ባታገባም ካርድ ታወጣለች፤ የሕፃኑም ክትባት በነፃ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ምጥ ሲመጣ አምቡላንስ የምትጠራላችሁ እሷ ናት። ከነፃው አገልግሎት ውጭ ለሚመጣ ሕመም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አለ። አባልነቱ በቤተሰብ ስለሆነ ልጅቷም በእናንተ ስር ትታከማለች። በየዓመቱ ማደስ እንዳትረሱ። መክፈል ለማይችሉ ድኾች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ በቀበሌና በወረዳ መመዝገብ ግን የእናንተ ፈንታ ነው።

ሁለተኛው ሴፍቲኔት ነው። በገጠር ያሉ ዘመዶቻችሁ በልማታዊ ሴፍቲኔት ታቅፈው ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከጉልበት ሥራ ወጥታ ክፍያው ሳይቋረጥባት ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ለዚህም የእርግዝና ክትትል መጀመሯ መታወቅ አለበት። ያልታቀፈ ቤተሰብ ግን እርግዝና ስላለ ብቻ አይገባም፤ ስለዚህ ተስፋችሁን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣሉ።

ሦስተኛው ሕግ ነው። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ነገሩን በሽምግልና ጨርሰን እንዳርለት የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይመጣል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። አካለ መጠን የደረሰ ሰው ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር የሚፈጽመው ግንኙነትም ወንጀል ነው። ልጅቷ ተደፍራ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታልና ፖሊስ ዘንድ ሂዱ፤ አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውም የሕግ ድጋፉም በአንድ ቦታ ይገኛል። አባትነቱ ከታወቀ ደግሞ ቀለብ የሕፃኑ መብት ነው፤ ለሽማግሌ ተብሎ የሚተው ገንዘብ አይደለም። ጠበቃ ማቆም ያቃታት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ትጠይቅ፤ የሕግ ምክርና ድጋፍ በነፃ ይሰጣል። ከጤና ተቋሙ የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁም በ90 ቀን ውስጥ ሕፃኑን አስመዝግቡ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ለቀለብም ለትምህርት ቤትም ይጠየቃል።

እነዚህ በሮች ሁሉ ተከፍተውም የማይሸፈን ወጪ ይቀራል። የታክሲ፣ የሳሙና፣ የሕፃን ልብስ፣ የአራስ ገንፎና ቅቤ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጅቷ ትምህርት ስትመለስ ሕፃኑን ማን ይይዛል የሚለው ነው። የኔ ልጅ ሁለት ዓመት ከቤት የቀረችው በክፍያ እጦት አልነበረም፤ እኔ ጉልት ስውል ልጁን የሚይዝላት አጣን።

እህቶቼ፣ በዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳኑም ወንበሩም ብሩም በዚያው ቀን ይደርሳል፤ ማንም «እንዴት ሞተ?» ብሎ ገንዘብ አይከለክልም። ለአንዲት ልጅ መውለድ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከማን?» ብለን ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንድ፣ በየሳምንቱ ከምናስቀምጠው ላይ ለማኅበራዊ ጉዳይ የምንለየው ብር ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ያለ ወለድ ይበደር፤ ማንም አራጣ አበዳሪ ዘንድ አትሂድ። ሁለት፣ ከእኛ መካከል በተራ ሁለት ሴቶች ልጅቷ ማታ ትምህርት በምትሄድበት ሰዓት ሕፃኑን ይያዙላት። ሦስት፣ እናንት ደጋፊዎቻችን፣ ልታግዙን ካሰባችሁ የአንድ ጊዜ ስጦታ ከምትሰጡን ለሕፃናት ማቆያ የሚሆን ክፍልና የአንዲት ሞግዚት ደመወዝ ቻሉልን።

ልጄ ዘንድሮ በማታ ትምህርት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። አሁን በዚህ ሰዓት ልጇን ይዛላት ያለችው የዚህ ማኅበር አባል ናት። ያን ጊዜ ደፍሬ ብነግራችሁ ኖሮ ሁለቱ ዓመት ባልባከነም፣ ዕዳውም ባልመጣ ነበር። ነገ በራችሁን የምታንኳኳ እናት ብትኖር፣ ከማን ብላችሁ ሳትጠይቋት ቁጭ በይ በሏት።