ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ
(በአባላት የልምድ ልውውጥ ዕለት የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ወንበርና ቁም ሣጥን ቀለም ስቀባ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ አንድ ጊታር ነው። ከማኅበራችን ተበድሬ የቀለም መርጫ በገዛሁ ሰሞን አንድ ወጣት አካሉ ተሰንጥቆ በኮላ የተጠገነ ኤሌክትሪክ ጊታር አመጣልኝ። የብድር መክፈያ ቀኔ ደርሶ ስለነበር በሦስት ቀን ጨርሼ ሰጠሁት። ሲያብረቀርቅ አይቶ መርቆኝ ሄደ። በወሩ ይዞት ተመለሰ፤ በጥገናው መስመር ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። ገንዘቡን መለስኩለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ጥፋቴ ምን ነበር? እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እኔ ኮላው በቅጡ ሳይደርቅ ስቱኮውን በአንድ ጊዜ አወፍሬ ሞላሁ። በላዩ ቀለም ደራረብኩበት። የላዩ ቶሎ ደረቀ፤ የውስጡ ቆይቶ ሲደርቅ ተኮማተረና ቀለሙን ሰነጠቀው።

ያንኑ ጊታር እንደገና ስሠራው መጀመሪያ ጥገናውን በእጄ ተጭኜ ፈተሽኩ፤ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ካለ ምንም ቀለም አያድነውም፣ ወደ አናጺው ይመለሳል። የተሰነጠቀውን ቀለም እስከ እንጨቱ ፋቅሁ። በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በ120፣ ቀጥሎ በ180፣ መጨረሻ በ320 ቁጥር የእንጨቱን መስመር ተከትዬ አለሰለስኩ። ስቱኮውን በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እያከልኩ ሞላሁ። ቀለሙንም እንዲሁ በስሱ ነፋሁ።

የታችኛውና የላይኛው ቀለም የሚስማሙ መሆን አለባቸው። በዘይት ቀለም ላይ ላከር ብትነፉ ቲነሩ የታችኛውን ሊያሸበሽበው ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩ።

መድረቁን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል፤ ቲነር ቲነር የሚሸት ከሆነ ገና ነው። እኔ ጥላ ቦታ ሰቅዬ ሦስት ሳምንት ከጠበቅሁ በኋላ ነው ያወለወልኩት። በክረምት ደግሞ ከዚህም ሊቆይ ይችላል። አደራ እህቶቼ፣ ቲነር እሳት ይስባል፤ የከሰል ምድጃ ባለበት ወይም ሕፃን በተኛበት ቤት አትንፉ። በር ክፈቱ፣ ለቲነር ጭስ የተሠራ ጭንብል አድርጉ።

ያ ጊታር እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። ልጁም የሁለት ጓደኞቹን ጊታር አምጥቶልኛል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልለምን። እህቶቼ፣ የማድረቂያው ጊዜ ሥራ ነው፤ ለደንበኛ ቀኑን እውነቱን ንገሩ፣ በዋጋችሁም ውስጥ አስቡት። የብድር ኮሚቴያችንና ደጋፊዎቻችን ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍያ ቀን ስትወስኑ ሥራው የሚፈልገውን ጊዜ ጠይቁን። እኔን ያስቸኮለኝ ስንፍና አልነበረም፤ የክፍያው ቀን ነበር።